በጎን የሚታይ ፊት

ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በክፍሉ ጉብኝት ከመጀመሪያው ሙዚየም ወደ ሁለተኛው ሲሄዱ፣ የሶሊያና ፊት በጎን ብቻ የሚታይ ሆነ። ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው አንድ ዓይንና አንድ ጆሮ ያያል። በሌላ በኩል ዞሮ ቢመጣም የሚያየው ያንኑ ነው። አያምም።

የሁለተኛው ሙዚየም ጥበቃ የተማሪ መታወቂያዋን ተቀብለው ከፊቷ ጋር አስተያዩት።

«እስቲ ወደ እኔ ዙሪ።»

«ዞሬያለሁ፣ ጋሼ።»

ተነሥተው በግራዋ መጡ፤ ቀጥሎም በቀኟ። «ፎቶው ላይ ሁለት ዓይን ነው ያለሽ» አሉ።

«ጠዋት ሁለት ነበር።»

«እንግዲያው ፎቶ ቀይሪ» ብለው አስገቧት።

ጠዋት የመጀመሪያው ሙዚየም አስጎብኚ በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ነግራቸው ነበር። ያኔ ሶሊያና የትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ትዝ አላት። ማክሰኞ ዕለት የሰበረችው እሷ ናት። መምህሩ «ማነው?» ሲሉ ዝም አለች፤ አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ዘቢባ ተያዘች። ዘቢባ ከጉብኝቱ ቀርታለች። ነገ ደግሞ ከትምህርት ቤት ትባረራለች።

«አንቺ፣ ምነው ኮራሽብን?» አለቻት የክፍል አለቃዋ ጽዮን። «ሳንቲም ላይ ያለውን አንበሳ መሰልሽ እኮ!»

ልጆቹ ሳቁ። ሶሊያናም በግማሽ አፏ ሳቀች።

ሦስተኛው ሙዚየም ውስጥ መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው አንድ ትልቅ ሥዕል ያያሉ። ሶሊያና ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። አሁን ግን ጠጋ አለች።

«ቲቸር፣ ማይክሮስኮፑን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ዘቢባን ለምን?»

«ያንቺ አባት የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የእሷን አባት ማንም አያውቃቸውም።»

ይህን ብለው ወደ እሷ ዞሩ። ሙሉ በሙሉ ነው የዞሩት። አንድ ዓይን ነበራቸው።

«ለዳይሬክተሯ እናገራለሁ» አለች ሶሊያና።

«ማን ይመሰክርልሻል?»

«ክፍሉ በሙሉ አይቷል።»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩና ተማሪዎቹን ወደ አውቶቡሱ መሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሶሊያና ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ማይክሮስኮፑን ስሰብር ያያችሁኝ፣ ወደ እኔ ዙሩ።»

ሁሉም ዞሩ። አርባ አንድ ልጆች ነበሩ። አርባ አንድ ዓይን ቆጠረች።

ውጪ፣ በሩ ላይ ስትጠብቃቸው የቆየችው ዘቢባ በቆመው አውቶቡስ ጎን ከመስኮት መስኮት ትሄዳለች። በእያንዳንዱ መስኮት ተንጠራርታ ታያለች፣ መስታወቱን በጣቷ ታንኳኳለች፣ ወደ እሷ የዞረ ፊት ስታጣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።