ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን

እስቲ ጠጋ በሉ። ወንበር ያጣ እዚህ አጠገቤ ይቀመጥ፤ እግሩን የደከመው ይዘርጋ። የማወራችሁ ረጅም አይደለም፤ የአንዲት ልብስ ተኳሽ የአንድ ቀን ነገር ነው።

"ብሬክ!" አለ አሰልጣኙ፣ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን እየደበደበ።

"ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን!" አሉ ሃያ ሰባቱ የሆቴል ሠራተኞች፣ ቁርስ ባልቀመሰ አፋቸው።

"አልሰማሁም!"

አልሰማሁም ይላል እንዴ! አጥር ማዶ ያሉት የባንክ ጥበቃዎች እንኳ ሰምተው በቃላቸው ይዘውታል። "መስበር" ማለት ነው። ወር ሙሉ በየጠዋቱ ያችን አንዲት ቃል ሲሰባብሯት ከረሙ።

አሰልጣኙ የሥራ አስኪያጁ የሚስት ወንድም ነው። ቀድሞ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ ሲጠየቅ "ውጭ ነበርኩ" ብሎ ያልፈዋል። የት ውጭ? ከቤት ውጭ ይሆናላ። ከረባቱ ረጅም፣ አንደበቱም ረጅም፤ በበር ሲገባ መጀመሪያ ከረባቱ፣ ቀጥሎ ሽቶው፣ በመጨረሻ እሱ ይገባል።

"አንቺ ካውያ! ተነሺ!"

ልብስ ተኳሿ ተነሳች። በዚያ ሆቴል አንሶላ መተኮስ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የሥራ ጓደኞቿ እታለም ይሏታል፤ ካውያ ያላት እሱ ብቻ ነው። ትምህርቱን ያጠናችው በሥራዋ ላይ ነበር፤ የእንፋሎት መተኮሻውን ስትከፍት ብሬክ፣ አንሶላውን ስትዘረጋ ብሮክ፣ ክዳኑን ስታወርድ ብሮክን። አሁንም እንደዚያው፣ ሳትሳሳት አለችው።

"እንግሊዝኛውን አቃጠልሽው እኮ! እሳቱን ቀንሺ!" ብሎ ብቻውን ሳቀ። ቀጥሎ ከቢሮ የመጡት ሁለት ሠራተኞች ሳቁ፤ እነሱ እሱን ሲያስነጥሰውም ይስቃሉ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። በሆቴሉ የርክክብ መዝገብ የሚባል አለ። ተራውን የጨረሰ፣ የተበላሸውንና የሚያሰጋውን ለሚቀጥለው ተረኛ ጽፎ ይሄዳል። ደህና ልማድ ነበር። አሰልጣኙ መጣና መዝገቡ በእንግሊዝኛ ብቻ ይጻፍ አለ። ሠራተኛው "አንችልም" ቢለው፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈላቸው፦ አይ ብሮክ ዘ ግላስ። ብርጭቆውን ሰበርኩ። "ስህተት የሌለበት ይሄ ብቻ ነው፤ ከዚህ ከወጣችሁ ታበላሹታላችሁ" አላቸው።

እነሱስ ምን ያድርጉ? እየገለበጡ መጻፍ ጀመሩ። የአትክልተኛው የውሃ ጎማ ተሰረቀ፤ ብርጭቆውን ሰበርኩ። ሊፍቱ ቆመ፤ ብርጭቆውን ሰበርኩ። ንብረት ክፍሉ ብርጭቆ ቢቆጥር፣ ቢቆጥር፣ አንድም አልጎደለ። ሥራ አስኪያጁ ግን መዝገቡን ከላይ ከላይ ገልጦ "እንግሊዝኛው አድጓል" አለ። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን የሚያነበው የለም።

እታለም ብቻ አልገለበጠችም። "የሁለተኛው ካውያ ገመድ ተልጧል፣ ይነዝራል" ብላ በአማርኛ ጻፈች፤ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። "ቧንቧው ያፈሳል፣ ወለሉ ያንሸራትታል" አለች፤ ሁለተኛው ደረሳት። ሦስተኛው ስንብት ነው። ነርስነት የምታጠና ልጇ ደግሞ ለመመረቅ አንድ ዓመት ይቀራታል፤ ቤቱ የቆመው በዚያች ደመወዝ ነው።

በዚያው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አሰልጣኙ ኮቱን አንጠልጥሎ መተኮሻ ክፍል ገባ። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ነው።

"ይስጡኝ፣ እኔ ልተኩስልዎት" አለችው። "ክዳኑ በእርጋታ ነው የሚወርደው።"

"ማሽን እኔን ልታስተምሪኝ ነው? እንዲህ ያለውን ውጭ በጣቴ ነበር የማንቀሳቅሰው።"

የሞላ አውቶቡስ ላይ እንደሚንጠላጠል ሰው እጀታው ላይ ተንጠለጠለ። ቀጭ! ክዳኑን የሚይዘው ሞላ ተፈናጥሮ ወጣና ከማጠቢያ ገንዳው ሥር ገባ። ክዳኑም ዷ! ብሎ ወደቀ። አሰልጣኙ እጁን አተረፈ፤ ከረባቱ ግን እንደ ልማዱ ቀድሞት ገብቶ ነበር።

"አውጪኝ! አውጪኝ እንጂ!" አለ፣ አጎንብሶ፣ አፍንጫው ከጋለው ብረት አንድ ጣት ርቆ።

ፔዳሉን ረግጣ፣ ክዳኑን በሁለት እጇ ደግፋ አወጣችው። ከረባቱ ጫፉ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ጠባሳ ይዞ ወጣ። ሰውየው አመሰግናለሁ እንኳ አላለም። መጀመሪያ ኮሪደሩን አየ።

"ማንም እንዳይሰማ። ጠጋኙ እስከ ሐሙስ አይመጣም። አንቺ መዝገቡ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ጻፊ። ግላስ የሚለውን ትተሽ ማሽን በይ።"

"ሰበርኩ ብዬ?"

"እንግሊዝኛው እኮ ትክክል ነው! ሐሙስ ሰው ሁሉ ፊት አስጨበጭብልሻለሁ። ሁለቱን ማስጠንቀቂያም ከማኅደርሽ አስወጣልሻለሁ።" ከረባቱን ሸሚዙ ውስጥ ሸጎጠና ወጣ።

የእታለም ተራ የሚያበቃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ጉንዳን ትገባለች። ጉንዳን የሚሏት ትንሽና ፈጣን ስለሆነች ነው፤ ሽርጧን እያሰረች ማሽኑን የምትከፍት ልጅ ናት። መተኮሻው ደግሞ ሲከፈት ደህና ይመስላል፤ አንሶላ ልትዘረጋ እጇን ስታስገባ ነው ክዳኑ የሚወርደው። ቆይቶ መጠበቅ አይቻል፤ ተራው ያለቀ ሰው ግቢ ውስጥ አይቆይም። ማሽን ላይ ወረቀት መለጠፍም እሱ ከልክሏል፤ ገጽታ ያበላሻል ብሎ። ጉንዳን ስልኳ ከተሰረቀ ወር አልፏታል።

ዘጠኝ ሊሆን ሲል ሳህን አጣቢው ፎጣ ተሸክሞ ገባ። እታለም መዝገቡን ከፍታ፣ እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች።

"ምነው እታለም፣ እንደ ቃለ መሐላ ፈራሽው? አይ ብሮክ በይና ወደ ቤትሽ። እኔ እንኳ ሊፍት ሰብሬያለሁ።"

"አንተ ነህ ሊፍቱን የሰበርከው?"

"በእንግሊዝኛ ነዋ! በአማርኛማ በደረጃ ነው የምወጣው።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ጉንዳን አይ ብሮክ የሚለውን ብታይ ምን ታደርጋለች?"

"ምን ታደርጋለች፣ ስቃ ወደ ሥራዋ ነዋ።"

"እጇስ? እጅ በእንግሊዝኛ ነው የሚቃጠለው?"

ሳህን አጣቢው መጀመሪያ መተኮሻውን አየ፣ ቀጥሎ እሷን። "እታለም፣ ሦስተኛሽ ነው እኮ። ልጅሽስ?"

"ልጄ የምትማረው የተቃጠለ ሰው ለማከም ነው። ከእኔ እጅ የወጣ በሽተኛ አልልክላትም።"

እንዲህ ብላ ጻፈች፣ በትልልቅ ፊደል፣ ገጹን ሞልታ፦

"ጉንዳን ልጄ፣ መተኮሻውን እንዳትነኪ። ሞላው ወጥቷል፣ ክዳኑ ይወድቃል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሰበረው አሰልጣኙ ነው። ካላመንሽ ከረባቱን እዪው።"

ፈረመች። አሰልጣኙ ቢቀድደውስ አላለችም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እሷም ያንን ታውቃለች። ሳህን አጣቢውን ጉንዳን አሥር ሰዓት ላይ እስክትገባ እዚያው ሆኖ ፎጣ እንዲያጣጥፍ ለመነችው፤ እሱም ቁጭ አለና መጀመሪያውን ፎጣ አነሳ። መዝገቡን ገልጣ የመተኮሻው ክዳን ላይ፣ እጅ መጀመሪያ ከሚያርፍበት ቦታ አስቀመጠች። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠችበትን ትራስ ከወንበሩ አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች።

እናንተም ልጆቼ፣ አንድ ቀን የሥራ ቦታችሁን ለሌላ ሰው ለቅቃችሁ ስትሄዱ፣ እባካችሁ ያችን ትራስ አስቧት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣም እጅ አለው።