አራት ስምንት

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ መብረቅ ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት በሁለት ነገር ነው፤ ሥራ ሲይዝ ይፈጥናል፣ ሲቆጣ ደግሞ አጠገቡ ማን እንዳለ አያይም። ከሦስት ዓመት በፊት ጠጥቶ መጥቶ ጎሚስታውን በቡሎን መፍቻ አሯሩጦታል። ጎሚስታው የተረፈው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው። ከዚያ በኋላ መብረቅ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ። መጠጡን ተወ፣ ስድቡን ተወ፣ እጁንም ሰበሰበ። ጎሚስታው ቂም አልያዘበትም፤ ስሙን ብቻ አሻሻለለት። «ወንድም መብረቅ» አለው፤ ጋራዡም ተቀበለው።

ለውጡ ውሸት አልነበረም፤ ሚስቱን የጠየቀ ሁሉ ትነግረዋለች። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲመሰክር አሥራ አንድ ጊዜ ሰምታዋለች። አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «መጠጡን ትናገራለህ፣ ጠቡን ትናገራለህ። ሁለቱንም ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ሰው የማያውቀው ነገር የለህም እንዴ?» አለችው።

«ምን ይኖረኛል?» አላት። ከልቡ ነው፤ ፈልጎ አጥቶ ነው።

ምስክርነቱን ሁልጊዜ የሚዘጋው፣ አንዲት ነፍስ ከዓለም ሁሉ ትበልጣለች ብሎ ነው። ይህን ሲል ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ያቺ አንዲት ነፍስ ግን ሁልጊዜ የራሱ ነበረች።

ሥራው ፍሬን ነው። አውቶቡስ ረጅም መንገድ ከመውጣቱ በፊት አራቱም እግር በክሪክ ይነሳል፣ ጎማው ይወልቃል፣ የፍሬን ሸራው ውፍረት በሚሊሜትር ይለካል፣ አራት ቁጥር ቅጹ ላይ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ደንቡ እንዲህ ይላል። ጋራዡ ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው፤ አንዱን እግር ክፈት፣ ሌሎቹን ከእሱ ገምት። ሸራ አብሮ ነው የሚያልቀው፤ ብዙ ጊዜ። ታዲያ አራት እኩል ቁጥር የሚጽፍ ጅል ነው፤ ቅጹን ያየ ሁሉ ይነቃበታል። የሠለጠነ እጅ ትንሽ ያዛንፋል። ስምንት፣ ሰባት ተኩል፣ ስምንት፣ ሰባት። በዚህ ማዛነፍ መብረቅን የሚደርስበት አልነበረም። ከአለቃ ወደ ሠራተኛ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ስለሆነ፣ ኃጢአቶቹን ሲዘረዝር አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

ያን ጠዋት ሰባት ቁጥር አውቶቡስን አስወጣት። የኋላ ግራዋን ከፈተ፣ ስምንት አገኘ፣ ሌሎቹን ጻፈ፣ ፈረመ። ጡረታው የደረሰው ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጸልየህባታል?» አለው።

«ጸልዬባታለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቀበቶ አላስርም» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ መብረቅ ቢሮ ተጠራ። የቴክኒክ ኃላፊዋ ወጣት ኢንጂነር ናት፤ ሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ጠረጴዛዋ ላይ የሁለት ዓመት ቅጽ ተከምሯል።

«ይቀመጡ» አለችው። «የዋና መካኒክነቱን ቦታ ለእርስዎ ልሰጥ ነው። ደብዳቤው ተጽፏል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።»

ስድስት ዓመት የጠበቀው ቦታ ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

«እነዚህን ያመስግኑ።» ቅጾቹን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «እውነቱን ልንገርዎት፤ ሰው ተለወጠ ሲሉኝ አላምንም። ስንቱ ተለወጥኩ ብሎ ወር ሳይሞላው ሲመለስ አይቻለሁ። ነፍስ የሚሉትንም ማንም ለክቶ አላሳየኝም። የእርስዎን ወሬ ስሰማ ግን ቅጾቹን አገላበጥኩ። የሌሎቹ አራት እኩል ቁጥር ነው፤ ቁጭ ብለው እንደጻፉት ያስታውቃል። የእርስዎ ይለያያል። ማንም ሳያየው እያንዳንዱን እግር ከፍቶ የሚለካ ሰው ካለ፣ እሱ ተለውጧል ብዬ አምናለሁ። ይቺን ግድግዳ ላይ ልሰቅላት ነው፤ ሌሎቹ እንዲማሩባት።»

ያነሳችው የዛሬውን ነው። መብረቅ የራሱን እጅ ጽሕፈት አየ። ስምንት፣ ሰባት ተኩል፣ ስምንት፣ ሰባት ተኩል።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ሰባት ቁጥር ከወጣች ሃያ ደቂቃ ሆኗታል። ፍሬን የሚፈትነው ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ለመድረስ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቀራታል። የጫነችው አርባ ሦስት ሰው ነው።

ምንም አትሆንም፤ ይህን ያውቃል። ዝም ቢል ማታ ደብዳቤውን ይዞ ሚስቱ ዘንድ ይገባል። ከነገ ጀምሮ ደግሞ አራቱንም ይከፍታል። ዋና መካኒክ ከሆነማ ሌሎቹንም ያስከፍታል፤ እንዲያውም ለሥራው የሚበጀው ይሄ ነው። ሐሳቡ እንዴት እንደሚያምር ራሱን ገረመው። ወዲያው ሚስቱ መንገድ ላይ የጠየቀችው ትዝ አለው።

«አንዱን ነው የከፈትኩት» አለ።

«ምን?»

«ዛሬ የከፈትኩት አንድ እግር ብቻ ነው። ሌሎቹን ከራሴ ጻፍኳቸው። እነዚያንም» አለ፣ ክምሩን በአገጩ እየጠቆመ። «የእኔ የሚለያየው ስለማዛንፈው ነው።»

ኢንጂነሯ ወረቀቱን አየች፤ እሱን አየች። «አውቶቡሷ የት ደርሳለች?»

ስልኩን እያወጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ዳር ይዘህ ቁም» አለው ሾፌሩን።

«ምን ሆነሃል? ተሳፋሪ ይዣለሁ እኮ።»

«የኋላ ግራዋን ብቻ ነው የከፈትኩት።»

«ጸልዬባታለሁ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ለሦስቱ እግር ነበር የጸለይከው በለኛ» አለና ነዳጅ ማደያ ገብቶ ቆመ።

መብረቅ፣ ጎሚስታውና ኢንጂነሯ በጋራዡ ፒክአፕ ደረሱባት። ተሳፋሪዎቹ ነገሩን ከሾፌሩ ሰምተው፣ ወርደው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ሕፃን ያቀፈች ሴት ጠጋ አለችውና፣ «ያላየኸውን አየሁ ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ሦስት ልጆች ይዤ ነው የተሳፈርኩት።»

የድሮው መብረቅ ቢሆን ይጮህባት ነበር። የዛሬው መሣሪያውን አንስቶ ወደ ጎማው ሄደ። ተንበርክኮ ክሪኩን ሲያስገባ ከኋላው እያንዳንዱ ሲያወራ ይሰማዋል፤ አንዱ ቀጠሮ አለበት፣ አንዷ የታመመች እናት ዘንድ ትሄዳለች፣ አንዱ ሽንት ቤቱ የት ነው ይላል። እስከ ዛሬ ለእሱ እነዚህ ሁሉ ሰባት ቁጥር ነበሩ።

የኋላ ቀኙን ከፈተ፤ ሰባት ተኩል። የፊት ግራውን ከፈተ፤ ስምንት። የመጨረሻውንም ከፈተ፤ ሰባት ተኩል። አንድም የተሳሳተ የለም። ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ ቀላ።

ጎሚስታው ቡሎን እያጠበቀ፣ «የቆጡን አወርድ ስትል የብብቷን የጣለች ሴት ሰምቼ ነበር» አለ። «የብብቱን ራሱ አውጥቶ የወረወረ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ዓይንህ ከመለኪያ ይበልጣል፤ ምን አድርጉ ብለህ ነው ጉድ የምታፈላብን?»

ኢንጂነሯም ዝቅ ብላ፣ «ግምትዎ ልክ ነበር እኮ» አለችው። «ማንም አያውቅብዎትም ነበር።»

«ግምቴ ልክ ነው፤ ፊርማዬ ነው ውሸት። እርስዎም ተለውጧል ያሉት ይህን ፊርማ አይተው ነው።»

ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ተቀደደ፤ በምትኩ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ። የጋራዡ ሠላሳ አንዱም አውቶቡስ አራት አራት እግሩ ይከፈት ተባለ። በዚህ የተነሳ ከመካኒኮቹ አንድም ሰው ሰላም አላለውም። ጎሚስታው ብቻ ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቆ፣ «ደህና እደር፣ ወንድም ኤሊ» አለው።

ማታ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ቦታው ቀረ በለኛ» አለች።

«ቀረ።»

«ዘንድሮ አይቀርለትም ብዬ ለእህቴ ነግሬያት ነበር እኮ። አሁን ምን አፍ አለኝ?» የያዘችውን ሸሚዝ አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። «አሥራ አንዱን ምስክርነቶችህን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ይሄኛውን ገና መስማቴ ነው» አለችና ራቱን ልታቀርብ ተነሳች።

በማግስቱ ከአንድ ቁጥር አውቶቡስ ጀመረ። አራቱን እግር ከፍቶ ለመጨረስ እስከ እኩለ ቀን ፈጀበት። የመጀመሪያው ስምንት ወጣ። ሁለተኛው ስምንት፣ ሦስተኛውም ስምንት። አራተኛውን ሲለካ እንዲዛነፍለት ተመኘ፤ ስምንት ሆነ።

ቅጹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተመለከተው። ኢንጂነሯ ብታየው፣ ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው ትላለች። እጁ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ሲደርስ እንደለመደው ወደ ሰባት ተኩል አዘነበለ። እስክሪብቶውን አንስቶ መለኪያውን እንደገና አስገባ። ያው ስምንት ነው።

አራት ስምንት ጻፈ፤ ፈረመ፤ ክሪኩን አወረደና ሁለት ቁጥርን አስገቡልኝ አለ።