ቀይ የሆኑት የምድር ቤት ረድፎች

መሃንዲሷ ከምሳ ስትመለስ የአዲስ ሕንፃ ሥራ ልትጀምር ነበር። በመገንባት ላይ ላለው ባለ ስድስት ፎቅ የሠራችውን የኤክሴል ሠንጠረዥ ገልብጣ አሮጌውን ቁጥር ልታጠፋ ስትል ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ምሰሶ ሰባት ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚሸከመውና ምድር ቤት የሚሸከመው ክብደት እኩል ነው።

ይህ ሊሆን አይችልም። የምድር ቤቱ ምሰሶ የላይኞቹን ሁሉ ይሸከማል፤ የስድስተኛው ግን ከጣሪያው በቀር ምንም የለበትም። ምሰሶ ስምንትን አየች። እሱም ያው ነው። ዘጠኝም።

ቀመሩን ከፈተችው። ክብደቱን ፈልጎ የሚያመጣው በምሰሶው ቁጥር ብቻ ነው፤ ፎቁን አይጠይቅም። መረጃው ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ወደ ታች የተደረደረ ስለሆነ፣ "ሰባት" ሲባል መጀመሪያ ያገኘውን የስድስተኛ ፎቅ ቀላል ክብደት አንስቶ ለሁሉም አድሏል። የፌሮ ብረቱ ብዛትም የምሰሶው ውፍረትም የወጣው ከዚያ ነው።

ቀመሩን አስተካከለች፤ ቁጥሩም ፎቁም አብረው የገጠሙበትን ረድፍ ብቻ እንዲያመጣ። የምድር ቤቱ ረድፎች በሙሉ ቀይ ሆኑ። ምሰሶዎቹ አይችሉም ማለት ነው።

የአምስተኛው ፎቅ የወለል ሶሌታ አርማታ የሚሞላው ዛሬ ነበር። ፎርማኑ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው። ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም።

ወደ አለቃዋ ክፍል ገባች። በሌለበት "ውሃ ልክ" ይሉታል፤ ግድግዳው ላይ ያለ ሥዕል ትንሽ ካዘነበለ ሥራ አይሆንለትም።

"ጋሼ፣ ሙሌቱ መቆም አለበት።"

እስክትጨርስ ሰማት። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"በእጄ አስልቼ አሳይሃለሁ። ግን እስከዚያ ይቁም።"

"ፕላኑ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው" አለና ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ፈራች። "ነገሩን እዚሁ እናስቀረው" ሊላት ይሆናል። ከዚያ የባሰው ደግሞ በልቧ ይህንኑ እንዲላት መመኘቷ ነበር።

"ለሕንፃው ባለቤት እኔ እደውላለሁ" አለ በመጨረሻ። "አንቺ ሩጪ።"

መንገዱ ተዘጋግቷል። ታክሲ ውስጥ ሆና፣ ከሩቅ አቧራ ይነሳ ይሆን እያለች ሰማዩን ታያለች።

ስትደርስ ሕንፃው እንደቆመ ነው። የአርማታው ቱቦ ወደ ላይ ተዘርግቶ ይጮሃል።

"ወንድም ጋሼ፣ ሰዎቹን አውርዳቸው።"

"ግማሹ እኮ ፈሷል። አሁን ካቆምን የፈሰሰው ሁሉ ይበላሻል።"

"ይበላሽ። ምሰሶዎቹ አይችሉም።"

ፊቷን አየና በፉጨት ሙሌቱን አስቆመ። ሠራተኞቹ እያጉረመረሙ ወረዱ፤ አንዱ "ቢሮ ውስጥ ተኝታ ቃዥታ ነው የመጣችው" ሲል ሰማችው።

ወንድሟ የእጅ ባትሪ ይዞ ምድር ቤት ገባ፤ ተከተለችው። ምሰሶ ሰባት አናቱ አካባቢ ቀጭን ስንጥቅ ቁልቁል ወርዶበታል። ጥፍሩን አስገባበት።

"ይሄ ጠዋት አልነበረም" አለ ቀስ ብሎ።

ተያይዘው ወጡ። ግን ሰው ተመልሶ ገብቶ የብረት ድጋፍ ማቆም ነበረበት፤ አለበለዚያ ሕንፃው ለጎረቤቱም ቤት ያሰጋል። ወንድሟ የሥራ ቆቡን አጠለቀ። ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

"አንተ አትገባም።"

"ታዲያ የሌላ ሰው ልጅ ልላክ?" ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ሦስት ሰዎች ፈቅደው ተከተሉት። ውሃ ልክም ደርሶ ስለነበር ኮቱን አውልቆ ሰጣትና ገባ።

እሷ በር ላይ ቀረች። ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይመጣል። ድምፁ ባቆመ ቁጥር ትንፋሿ አብሮ ይቆማል።

ሲወጡ መሽቷል። ወንድሟ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ውሃ ሊጠጣ ሲሞክር ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

"ለእማዬ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ" አላት።

የሕንፃው ባለቤት ቀሪውን ሥራ ለሌላ ቢሮ ሰጠ። ምሰሶዎቹ ዙሪያቸውን ተጨማሪ ፌሮና አርማታ ለብሰው ወፈሩ። ድጋፎቹ የሚነሱ ቀን ወንድሟ ጠራት። አልሄድም ብላ ነበር፤ ሄደች። የመጨረሻው ብረት ሲላላ ምድር ቤት ውስጥ አጠገቡ ቆማለች፤ እጅጌውን ይዛ፣ ጣሪያውን እያየች። ምንም አልተሰማም።

"እንውጣ?" አለች።

"ቆይ ትንሽ" አላት፣ መዳፉን ምሰሶ ሰባት ላይ እንዳሳረፈ።