በረዶ የታቀፈው ኮክ

ሉዋ የተሸከመችው የበረዶ ከረጢት ደረጃውን ሳትጨርስ ከሥሩ ተቀደደ። ቁርጥራጩ በረዶ እየተንከባለለ ወረደና ምድር ቤት ሾርባ የሚጠጡት ሰዎች እግር ሥር ተበተነ።

“እትዬ ሉዋ!” ብላ ጮኸች የቤቱ ባለቤት ሳው፣ ጭልፋዋን እንደጨበጠች። “ትናንት ከላይ ውሃ አንጠባጠብሽባቸው፣ ዛሬ ደግሞ በረዶ ትደፊባቸዋለሽ? ቆይ ደንበኞቼ ምን አድርገውሽ ነው?”

“ሰብስበሽ ሻያቸው ውስጥ ጨምሪላቸው!”

“የዓሣ ወደብ በረዶ? ሻዬ የሽሪምፕ መረቅ እንዲሆን?”

ሾርባ ጠጪዎቹ ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ባይ የሚባለው ጡረተኛ ጀልባ ነጂ፣ ሳህኑን አስቀምጦ በረዶውን በባርኔጣው ለቃቀመና ሉዋን ተከትሎ ወጣ። በረዶው ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀም። በዚህ ቅያስ ውስጥ ስለ ሰሜኖቹ ባልና ሚስትና ስለ ኮካቸው ያልሰማ ሰው የለም።

ኮኩ ፎቅ ላይ ካለው በረንዳ፣ በሰማያዊ ማሰሮ ውስጥ ተተክሎ ቆሟል። ቁመቱ ከሰው ወገብ ትንሽ ያልፋል። ቅጠል የሚባል የለውም፤ ቅርንጫፎቹ ግን አተር በሚያካክሉ፣ ጫፋቸው በቀላ እምቡጦች ተሞልተዋል። አጠገቡ ባሏ ዶዋን እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል።

“ዛሬም ከግንዱ ልታስጠጊው ነው?” አለ ሚስቱ በረዶውን ስትደፋ እያየ። “ግንዱ ሲቆስል እኔን እንዳትወቅሺ።”

“ውርርዱ ላይ ምክር የለበትም። ሻይህን ጠጣ።”

“ምን ምክር ነው? ለዛፉ አዝኜለት እንጂ።”

“ጋሽ ዶዋን፣” አለ ባይ ባርኔጣውን እያራገፈ፣ “ሚስት በረዶ ስትሸከም ቁጭ ብሎ ማየት የሰሜን አገር ወግ ነው?”

“ሰው በውርርድ መካከል እየገባ መፈትፈትስ የደቡብ ወግ ነው? አንተ ይልቅ ትናንት ጥለኸው የሸሸኸውን ቼዝ ጨርስ።”

“እኔ ነኝ የሸሸሁት? ንጉሥዎ መግቢያ ጠፍቶት ሲቅበዘበዝ አልነበረም እንዴ?”

ሉዋ የመዋኛ ልብሷንና ፎጣዋን ከገመዱ ላይ አነሳች። “እኔ ወደ ባሕሩ ሄድኩ። ሽማግሌው፣ ዛፌን እንዳትነካ!”

“ዛፍሽ? ከመቼ ወዲህ ነው ዛፍሽ የሆነው?” አለ ዶዋን። እሷ ግን ደረጃውን ወርዳ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በዶዋን ስህተት ነው። እነሱ የሚኖሩባት ላንግ ሶን በሰሜን ድንበር ተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት። ብርድ ሲገባ ጭጋጉ እስከ ደጃፍ ይመጣል። ሉዋ ከፖስታ ቤት ሥራዋ በጡረታ ከወጣች ወዲህ የብርዱን ወራት የምታሳልፈው በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከከሰል ምድጃ ሥር እየሳለች ነበር። ዘንድሮ ልጆቻቸው ተማክረው ሁለቱንም በደቡብ ወዳለችው ሞቃት የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ወደ ኛ ትራንግ ሰደዷቸው። ዶዋን የተስማማው ኮኩን ይዞ እንዲሄድ ከፈቀዱለት ብቻ ነው። ለእሱ፣ ብርዱ ሲያልቅ በሚከበረው የአዲስ ዓመት በዓል ማለዳ ቤቱ ውስጥ ኮክ ካልፈካ አዲስ ዓመት አልገባም። በባቡር ጥገና ሲሠራ በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቀን ቆጥሮ የዛፉን ቅጠል በእጁ ይመለምላል፤ ዛፉም ቀኑን ሳያዛንፍ ያብባል። ጎረቤት ሁሉ ያከብረው የነበረው በዚህ ነው።

ዘንድሮም ቆጠረ፣ መለመለ፣ ማሰሮውን በሁለት ጉልበቶቹ መሐል አጥብቆ ይዞ በባቡር መጣ። ሁሉን ነገር ሲያሰላ የደቡብን ፀሐይ ብቻ ረሳ። እዚያ ቢሆን ተኝተው የሚቆዩት እምቡጦች እዚህ ከመድረሳቸው ማበጥ ጀመሩ።

የመጡት ከበዓሉ በፊት ሊመለሱ ነበር። አንድ ቀን ግን ሉዋ ከባሕር ስትመለስ፣ “በዓሉን እዚሁ እናሳልፍ” አለች።

“የአያቶቼን መሠዊያ ለማን ትቼ?”

“ለልጅህ። ኪየን አርባ ዓመት አልፎታል፤ ዕጣን መለኮስ አያቅተውም።”

“ወግ የሚባል ነገር አለ፣ አንቺ ሴትዮ።”

ክርክሩ ቁርስ ላይ ይጀመራል፣ እራት ላይ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ሳው ሰለቻት፤ “ለምን ዛፉ አይፈርድላችሁም?” አለች። በዚህ ተወራረዱ። ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት አንዲት አበባ እንኳ ከፈካች ይሄዳሉ። እምቡጡ ከጸና ቲኬታቸውን ሸጠው ይቀራሉ። ዶዋን እጁን አጨብጭቦ ተስማማ፤ ምክንያቱም በዚያ ሙቀት ማሸነፉ የማይቀር ነበር። ሚስቱ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ከዓሣ ወደብ በረዶ ተሸክማ ትመጣለች ብሎ ግን አላሰበም።

ባቡሩ የሚነሳው ነገ ማታ ነው።

የሉዋ እግር ከቅያሱ እንደ ወጣ ዶዋን ተነስቶ ተንበረከከ። በረዶውን ከግንዱ አራቀ፤ በማሰሮው ዙሪያ ደረደረና ከላይ ሰጋቱራ አለበሰው።

“ይሄ መርዳት አይደለም?” አለ ባይ የቼዝ ሰሌዳውን እየዘረጋ።

“ይሄ ዛፍ ማዳን ነው። እየው እስቲ፣ ምስኪን፤ እግሩ ሥር…”

ንግግሩን አቋረጠ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ዓይኑ አቀረበ። ከእምቡጦቹ መካከል አንዲት ትንሽ እርጥብ ቁስል ነበረች። ቅርንጫፉን አዞረው። ሌላ ቁስል። ከወደ ግድግዳው በኩል፣ ሰው በማያይበት፣ ሌሎች ነበሩ።

“አገኘኋት!” ብሎ ጮኸ።

“ማንን?”

“ሌባዋን! ባይ፣ ና እይ! አበባው ፈክቷል! ፈክቶ ፈክቶ፣ እሷ በጥፍሯ እየቀነጠሰች ስትጥለው ነው የከረመችው! በረዶው ለይምሰል ነው!”

“ወፍ ይሆናል እኮ፣ ጋሼ።”

“ወፍ አውራ ጣት አለው?”

ዶዋን ጫማውን ግራና ቀኝ ሳይለይ አጠለቀና ወጣ። ሳው ከድስቷ ቀና ብላ “ቁርስስ?” ብትለው፣ “አሸንፌ ስመለስ!” አላት። በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ቃል ይደረድር ነበር። “እንኳን እኔን፣ ዛፍ የማያውቅ ሰው አታታልይም” ይላታል። ወይም ምንም ሳይል ሻንጣዋን ያሳያታል። ዕቃውን ሲጠቀልል፣ ማሰሮውን በገመድ ሲያስር፣ የላንግ ሶን ጭጋግ ፊቱን ሲነካው ታየው። ደስ አለው።

ባሕር ዳሩ እንደ ሁልጊዜው በጠዋቱ በአዛውንት ተጨናንቋል። የሚንጠራራ አለ፣ አሸዋ ውስጥ እስከ አንገቱ የተቀበረ አለ። ከዳር፣ ውሃው ደረት በሚደርስበት፣ አሮጊቶች ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ክብ ሠርተው ተንሳፈው ስለ ምራቶቻቸው ያወራሉ። ዶዋን ሉዋን እዚያ ክብ ውስጥ ፈለጋት። እሷ ስትዋኝ አይቶ ባያውቅም መዋኘት ማለት ያ እንደሆነ ገምቶ ነበር።

የለችም።

“ምን ጠፋብዎት?” አለችው አበባ አበባ ባለው የፕላስቲክ ቆብ ፀጉሯን የሸፈነች ወፍራም አሮጊት።

“ሚስቴ። ሌባ ናት።”

“የሉዋ ባለቤት እርስዎ ነዎት? ሌባዋ ያቻትልዎ!” ብላ ወደ ጥልቁ ጠቆመችው። በጣም ርቆ፣ ቀይ የጀልባ ምልክት ተንሳፏል። አንዲት ጭንቅላት ወደዚያ እያመራች ነበር፤ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ክንዷ ሳይቸኩል ውሃውን ይቀዝፋል።

“ያቺ? ያቺ አይደለችም” አለ ዶዋን። “የእኔዋ ደረጃ ስትወጣ እንኳ መካከል ላይ ተቀምጣ ነው የምታርፈው።”

“ዛሬ በረዶ ተሸክማ ስትወጣም አረፈች?”

ዶዋን የጠዋቱን አስታወሰ። ዛሬ አላረፈችም። ከረጢቱ ሲቀደድ እንኳ ሳትቀመጥ ወጥታለች፤ ወጥታም ተሳድባለች። ሳል የሚባል ደግሞ… ሳሏን መጨረሻ የሰማው መቼ ነበር? አሰበ። ሌሊቱን ቢያስታውስ፣ ሌሊት የሚሰማው የሳውን ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ትናንትናንም፣ ያለፈውን ሳምንትም አሰበ። እዚያ ቤታቸው እያለ በዚያ ሳል ነበር የሚተኛው፣ በዚያው ነበር የሚነቃው። እዚህ መቼ እንዳቆመ እንኳ ልብ አላለም።

ሉዋ ቀይ ምልክቷ ላይ ደርሳ በመዳፏ መታቻት፤ እጇንም ወደ ላይ ዘረጋች። ክብ የሠሩት አሮጊቶች ውሃውን እየደበደቡ እልል አሉ።

“ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው” አለች ባለ ቆቧ። “በአዲስ ዓመት ማለዳ ሁላችንም አብረን እንዋኛለን። እሷም ቃል ገብታለች፤ እርስዎ በባቡር ጭነው ካልወሰዱብን።”

ሉዋ ወደ ዳር ስትመለስ ውሃው ከትከሻዋ እየወረደ፣ ጉንጯ ቀልቶ እየሳቀች ነበር። ዶዋንን ስታይ ሳቋ ቆመ።

“ምነው?” አለች። “ፈካ እንዴ?”

አሮጊቶቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ዶዋን በመንገድ ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ምላሱ ላይ ነበር።

“አይ” አለ። “ፎጣ የረሳሽ መስሎኝ።”

“ፎጣዬ ይኸው አሸዋው ላይ።”

“እንግዲያው አልረሳሽም” አለና ዞሮ ሄደ። አሮጊቶቹ ከኋላው ሲንከተከቱ ሰማ።

በረንዳው ላይ ሲደርስ ባይ በሰሌዳው አጠገብ እጆቹን አጣምሮ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ከፎቆቹ በላይ ወጥታ የበረዶውን ግማሽ አቅልጣለች።

“እኔ ምንም አልነካሁም” አለ ባይ። “ዳኛ ነኝ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።”

ወደ ባሕሩ ባዘነበለው ቀንበጥ ጫፍ ላይ አንዲት አበባ ወለል ብላ ፈክታለች። አምስት ቅጠል፣ ሮዝ፣ ገና ጤዛ ያልተለያት የምትመስል። ዶዋን ብዙ የኮክ አበባ አይቷል፤ ከባሕር ፊት ለፊት የቆመ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ጎንበስ ብሎ አሸተታት።

“አሸነፉ እንግዲህ” አለ ባይ፤ ድምፁ ቀዝቅዟል። “ከነገ በኋላ ቼዝ የሚያጫውተኝ አጣሁ ማለት ነው።”

ከታች የሳው ድምፅ መጣ። “እትዬ ሉዋ፣ ገባሽ? ሾርባሽ ተቀድቷል! ባልሽ ምን ነክቶት ነው እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ የሚለው?”

ዶዋን ከኪሱ የመግረዣ ቢላዋውን አውጥቶ ዘረጋ። አበባዋን ከሥሯ፣ በሰያፍ፣ በአንድ ምት ቆረጣት። ከዚያ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እያዞረ፣ በጥፍር የተቦጨቁትን ቁስሎች እየፈለገ፣ እያንዳንዱን እንደሚገባው አድርጎ አስተካከለ። አበባዋን ባይ እጅ ላይ አኖረ።

“ዋጠው።”

“ምን?”

“ወይም ኪስህ ክተተው። ፍጠን፣ መጣች!”

ሉዋ ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች ገባች። ለማንም ሰላም ሳትል በቀጥታ ወደ ዛፉ ሄደች። ጫፍ ጫፉን አየች፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው የዞረውን ቅርንጫፍ ሳብ አደረገች። እጇ ቀጥ አለ። በጥፍሯ የቦጨቀቻቸው ቁስሎች በቢላዋ ተከርክመው ጠርተዋል። ዓይኖቿን አንስታ ባሏን አየችው። እሱ ሰሌዳው ላይ አቀርቅሮ ፈረሱን አንስቶ የት እንደሚያሳርፈው ያስባል። ባይ ኪሱን በመዳፉ ከድኖ ወደ ጣሪያው ያያል።

“ማንም የማያየው መስሎኝ ነበር” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

“እንዲያ እየቦጨቁ አበባ አይቀነጠስም” አለ ዶዋን ቀና ሳይል። “ዛፍ ይታመማል።”

“ባቡሩ ነገ ማታ ነው። እስከዚያ ሌላ ሊፈካ ይችላል።”

“ቢፈካ ይፈካ። በዓሉን ቀድሞ ያክብር፣ ምን አገባኝ።”

ሉዋ ፎጣዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዶዋን ፈረሱን አስቀመጠ፤ የባይን ወታደር በላ። ከዚያም ስልኩን ከሸሚዙ ኪስ አወጣና ልጁ ዘንድ ደወለ።

“ኪየን፣ ስማ። የመሠዊያውን ናስ ዕቃ ዘንድሮ አንተ ትወለውለዋለህ። በሎሚ ነው፤ በአሸዋ እንዳትነካው። የቅድመ አያትህ ፎቶ መሐል፣ የአያትህ ከግራ። ዋዜማ ላይ ዕጣኑን አንተ ትለኩሳለህ፤ ስትሰግድ ካልሲህን አውልቅ።”

“አባዬ፣ ምን ሆናችሁ? አሞሃል እንዴ? አትመጡም?” ሲል ተሰማ የልጁ ድምፅ።

ዶዋን ሚስቱን በዓይኑ ጠርዝ አየት አደረጋት።

“ደህና ነን” አለ። “እናትህ በአዲስ ዓመት ማለዳ ባሕር ውስጥ ቀጠሮ አላት።”