የማያልቀው ቀይ ጠርሙስ

«እጅሽ አይበረክትም» አለች ደንበኛዋ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ፣ አሥሩንም ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። «ቅዳሜ ነው የቀባሽኝ፣ ዛሬ ሰኞ ነው። እስቲ እይው! ዶሮ የጫረው አይመስልም?»

እውነትም ዶሮ የጫረው ይመስላል። ቀጭኔ አንገቷን ደፍታ አየችው። ስሟ እንኳ ቀጭኔ አይደለም፤ ከዚያች አጭር የጥፍር ጠረጴዛ ላይ ስትጎነበስ አንገቷ ተስቦ ተስቦ ስለማያልቅ ነው እንዲያ የሚሏት። ስድስት ዓመት ጎንብሳባታለች። በነዚያ ዓመታት «የቀጭኔ እጅ ካልሆነ እመለሳለሁ» እያለ ከሌላ ሰፈር ድረስ የሚመጣ ሰው ነበር። ባለፉት ሦስት ወራት ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ የቀባችው ሁሉ በሁለተኛው ቀን ይረግፋል።

ባለሱቋስ ትናገር፣ ከፍላበታለች። ደም የሚያፈላው የቀጭኔ አክስት ነገር ነው። የውበት ሳሎኑ የዚችው አክስቷ፣ የእናቷ ታላቅ እህት፣ ንብረት ነው። አክስትየው እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሥራ አትነካም፤ የሻይ ብርጭቆዋን እንኳ በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትጠጣው። ምላሷ ግን አይንቀጠቀጥም። ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ምን ላድርጋት እህቴ? ቀለሙ እኮ ባለ ወርቃማ ክዳኑ ነው፤ በዚህ ከተማ ከሱ የሚወደድ የለም። እጅ ነው የጠፋው» አለች።

እጅ ነው የጠፋው! የገዛ እህቷን ልጅ፣ በሰው ፊት! ቀጭኔ ባለሱቋን በነጻ ደግማ ልትቀባ ተቀመጠች። ጥፍሩን ሞረደች፣ ቅባት እንዳይቀርበት ሁለቴ በቀለም ማስለቀቂያው በአሴቶን ጠረገች፣ ስስ አድርጋ ቀባች፣ አደረቀች፣ ደገመች፣ ቀለም መነሳት የሚጀምረው ከጫፍ ነውና የጥፍሩን ጫፍ በብሩሹ ዘጋች። ይሄን ሁሉ የሚያደርግ እጅ «ጠፋ» ከተባለ እንግዲህ ምን ይሁን፣ ይቆረጥ?

ባለሱቋ ደግሞ የሰፈሩ ሬዲዮ ናት፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሲባል የእሷን አፍ አይተው ሳይሆን አይቀርም። «የቀጭኔ እጅ ሄዷል» የሚለውን ያላደረሰችበት በር አልነበረም። እናም የዚያኑ ቀን፣ ደንበኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ አክስቷ ቀጭኔን ጠራቻት።

«እስከሚመጣው ሰኞ እጠብቅሻለሁ። ባለሱቋም ሰኞ ትመጣለች። አሁንም ከረገፈ ጠረጴዛውን ልቀጥራት ላሰብኳት ለአዲሷ ልጅ ትለቂያለሽ። አንቺ ፎጣ ታጥቢያለሽ፣ የወደቀ ፀጉር ትጠርጊያለሽ። መቼም ደሜ ነሽ፣ አላባርርሽም።»

ደሜ ነሽ ብላ ደሟን ትመጥጣለች! ቀጭኔ ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረች። ጠርሙሶቹን ወደ መደርደሪያው እየመለሰች ሳለ ግን ቀዩ ጠርሙስ እጇ ላይ ቀረ። ክዳኑ ተፈግፍጓል። ራሷ ናት ከአራት ወር በፊት፣ በከፈተችው ሳምንት፣ ከእጇ አምልጧት ሲሚንቶ ላይ የጣለችው። አንድ ጠርሙስ ስንት ሰው እንደሚቀባ የሚነግራት አያስፈልጋትም፤ አርባ ሰው ከቀባ ብዙ ነው። በዚህ ቀይ ከመቶ በላይ ሰው ቀብታለች። ጠርሙሱ ግን እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

«እንዴ!» አለች ብቻዋን።

ሰኞ ሰኞ ጠርሙሶቹን ተወልውለው፣ ሞልተው፣ ተደርድረው ነው የምታገኛቸው። አክስቴ አዲስ ገዛች ብላ ታልፈው ነበር። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። መንገድ ዳር በሳህን ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው፣ ባለ ጥቁር ክዳኑ ርካሽ ቀለም ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ አለው። ያው ሽታ አፍንጫዋን መታት። ወይ ጉድ! ርካሽ መሆኑ እኮ ነውር አልነበረም። በስሙ ቢሸጥ፣ ሁለት ቀን አምሮ ቢረግፍ፣ ማን ይጠላዋል? የሰው ክዳን ደፍቶ መጥቶ የሰው ስም ሲያጠፋ ነው ነውሩ።

ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከመንገድ ዳር ባለ ጥቁር ክዳኑን ቀይ ገዛች። ከዚያ ለጫማ ያስቀመጠችውን አውጥታ፣ ትልቁ ሱቅ ገብታ፣ እሽጉ ያልተነካ ባለ ወርቃማ ክዳን ገዛች። ጫማው ይቅር፤ ስም ከሌለ በአዲስ ጫማ የት ይኬዳል?

ከእናቷ ጋር የሚኖሩት በአክስቷ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። እናትየው ቀኑን ሙሉ አንድ ካፍቴሪያ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፣ እሑድ ደግሞ ሳሎኑ ሲዘጋ ታጸዳለች። የዚያን ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የቀሚስ ጫፍ ትጠልፍ ነበር። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ነው የምታሳልፈው፤ እንዲያ ያለ የረጋ እጅ ነበራት።

«እማ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለች ቀጭኔ፣ ሦስቱን ጠርሙሶች ደርድራ።

«ምን ልታደርጊበት?»

ነገረቻት። የማያልቀውን ጠርሙስ፣ ሽታውን፣ የአክስቷን ዛቻ፣ አንድም ሳታስቀር። እናትየው ክዳኑ የተፈገፈገውን ጠርሙስ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሌላ ሰው የለም?»

«ሌላ ማን ከጠዋት እስከ ማታ ዕቃ ሲያጥብ ይውላል? ባንቺ እጅ ላይ የበረከተ በማንም እጅ ላይ ይበረክታል።»

እናትየው ቀሚሱን አስቀመጠች። እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ዘረጋቻቸው። «ቅቢኝ» አለች። በዕድሜዋ ጥፍሯን ተቀብታ አታውቅም።

በሁለቱም እጅ አንድ ዓይነት አድርጋ ቀባቻት፣ ቀኝ እጅ ሥራ ይበዛበታል የሚል ሰበብ እንዳይመጣ። አውራ ጣት ከታሸገው። ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከሳሎኑ ጠርሙስ። ሌባ ጣት ቦታውን አገኘ! የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከመንገድ ዳሩ። አንድ ዓይነት ቀይ፣ አንድ ዓይነት እጅ፣ አንድ ዓይነት አቀባብ።

ረቡዕ ላይ ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ጫፍ ጫፋቸውን ተነሱ። የቀለበት ጣትና ትንሿም እንዲሁ፣ በዚያው ቀን። ዓርብ ላይ አራቱም ቅርፊት ቅርፊት ሆነው ቀሩ። አውራ ጣት ግን፣ ድስት የሚፈገፍገው፣ ማንኪያ የሚጨብጠው፣ ከሁሉ የበለጠ የሚለፋው አውራ ጣት፣ እንደተቀባ ነው።

እናትየው ጓንት አድርጊ ብትባል እምቢ አለች። ቤት ስትገባ ደግሞ የታጠበ ድስት አውርዳ እንደገና በሽቦ ትፈገፍጋለች።

«እማ፣ ምን ሆነሻል? ልትበሺው ነው?»

«በደንብ ይፈተን ብዬ ነው» አለች እናትየው፣ ቀና ሳትል።

ቀጭኔ ግን ሌላ ነገር የምታይበት ዓይን አልነበራትም። ንዴቷ እንቅልፍ ነስቷታል። «ይዣታለሁ! በሰው ፊት እጄን እንዳዋረደች በሰው ፊት አዋርዳታለሁ» ትላለች፣ ቤቱ ውስጥ እየተንጎራደደች።

«ተይ ልጄ። ያስጠጋችን እሷ ናት።»

«ያስጠጋ ሰው ስም ይሰርቃል? ጣሪያ ሰጠሁሽ ብሎ እጅ ይቆርጣል?»

እናትየው ወደ ድስቷ ተመለሰች። እሑድ እንደወትሮዋ ሳሎኑን ልታጸዳ ሄደች፤ ስትመለስ ምሳ አልበላም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ባለሱቋ መጣች፣ ጥፍሯ እንደተለመደው ረግፏል። ሁለት ሴቶች ወረፋ ይዘዋል። አዲሷ ልጅ የሥራ ዕቃዋን ይዛ ጥግ ቆማለች። ቀጭኔ እናቷን በክንዷ ይዛ ገባችና ከጥፍር ጠረጴዛው ፊት አስቀመጠቻት። ሦስቱን ጠርሙሶች ደርድራ የእናቷን እጆች ዘረጋችላቸው። የቱ ጣት ከየቱ ጠርሙስ እንደተቀባ እየጠቆመች፣ ድምጿን ሳትቀንስ ተናገረች።

አክስትየው ሳቀች። «ዕቃ አጣቢ እጅ ላይ ነው ቀለም የሚፈተነው? እዚያ ላይ ብረትም ቢለጠፍ ይነሳል!»

«አውራ ጣቷስ? እሱ ዕቃ አያጥብም?»

ባለሱቋ መነጽሯን አድርጋ ጎነበሰች። አውራ ጣቱን በራሷ ጥፍር ፈገፈገችው፣ ደገመችው። «ኧረ ይሄ ንቅንቅም አይል!» አለች። ሴቶቹ ተነስተው ከበቡ።

አክስትየው ከወንበሯ ተነሳች። «ርካሽ ቀለም ሞልታ ትሸጣለች ነው የምትዪው? እኔ? በዚህ እጅ?» ሁለቱን እጆቿን ወደፊት ዘረጋች። ይንቀጠቀጣሉ፤ ቀለበቶቿ እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰማል። «ውሃ ከብርጭቆ ብርጭቆ መገልበጥ አቅቶኝ በሰው እጅ የምኖር ሴት፣ በዚያች ቀዳዳ ነው ቀለም የማንቆረቁረው? ጠርሙሱን እዩት! አንዲት ጠብታ የፈሰሰበት አለ?»

አልነበረም። የጠርሙሱ አንገት ተጠርጎ ንጹሕ ነው። «እሱስ እውነቷን ነው» አለች አንደኛዋ ሴት ቀስ ብላ። ቀጭኔ ጠርሙሱን አንስታ አገላበጠችው። ይሄን እንዴት ሳታስበው ቀረች? አዲሷ ልጅ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረች።

«ተይው አንቺ ልጅ፣ አትደርድሪ» አለ አንድ ድምፅ። እናትየው ናት። «እኔ ነኝ የሞላሁት።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«እሑድ እሑድ። ባለ ጥቁር ክዳኑን እትዬ ትገዛለች፣ እኔ እገለብጣለሁ። አንገቱን በጥጥ እጠርጋለሁ። ሦስት ወር ሆነን።» ተነስታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። አንድ ጠርሙስ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይሄን እኔ ነኝ። ይሄንም እኔ ነኝ። ይሄን ትናንት ነው።»

«ዝም በይ!» አክስትየው ጮኸች። «ዝም በይ ብያለሁ! ዛሬውኑ ከቤቴ ትወጫለሽ!»

«እሺ እትዬ፣ እወጣለሁ» አለች እናትየው፣ ሌላ ጠርሙስ እያወረደች። «ይሄንም እኔ ነኝ።» መደርደሪያው ላይ የነበሩትን አሥራ አንዱንም አውርዳ ጨረሰች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ቀለም ነው፣ ማንን ይጎዳል አለችኝ፤ አመንኳት። አንቺን እጅሽ ጠፋ ሲሉሽ ልናገር ስንቴ አፌን ከፈትኩ። ፈራሁ። እጄን የሰጠሁሽ ጥፍሬ ይናገርልኝ ብዬ ነው።»

ቀጭኔ የእናቷን ጥፍሮች አየች። የሽቦው፣ የድስቱ፣ የግድግዳው ነገር አሁን ገባት። ማዘን ነበረባት ትሉ ይሆናል። ኤዲያ! ቱግ አለች እንጂ።

«ሦስት ወር! ማታ ማታ እያለቀስኩ ስነግርሽ፣ አይዞሽ ትዪኝ ነበር! አብረሽኝ እራት በላሽ! እሷስ ባዕድ ትሁን፣ አንቺ እናቴ ነሽ!»

እናትየው አንገቷን ደፋች። ባለሱቋ ጉሮሮዋን ጠረገችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እጇንም ዘረጋች። «በይ የኔ ልጅ፣ እንግዲህ አንዴ ሆኗል። ጥሩውን ቀለም አምጪና ቅቢኝ።»

«እጇ ሄዷል ብለሽ ስንት ቤት ነገርሽ?»

«እኔ እንኳ ያን ያህል…»

«የነገርሽበትን ቤት ሁሉ እየዞርሽ መልሺው። ከዚያ ትመጫለሽ።»

«የት ነው የምመጣው?»

ቀጭኔ ሞረዷን፣ ብሩሿን፣ አሴቶኗን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች ነበር። «አታጪኝም፣ አንገቴ ከሩቅ ይታያል» አለችና ወጣች። አክስቷን ዞራ አላየቻትም።

እናትየው መንገዱን በሙሉ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀርታ ተከተለቻት። ዕቃቸውን ሲሸክፉ ዋሉ፤ በማግስቱ ከካፍቴሪያው አጠገብ ከቀድሞዋ የምትጠብ ክፍል ተከራይተው ገቡ። ቀጭኔ ያንኑ ቀን ከበሩ ጎን ትንሽ ጠረጴዛ አቆመች። እናትየው ፊት ለፊቷ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«ይሄን አውራ ጣቴን አስለቅቂልኝ። አየዋለሁ፣ ያመኛል።»

ቀጭኔ አየችው። አሁንም እንደተቀባ ነው። «አይሆንም። ይዘሽው ዙሪ። በራሱ እስኪረግፍ ድረስ አላናግርሽም። የረገፈ ቀን እናወራለን።»

«እሺ» አለች እናትየው።

ባለሱቋ በሦስተኛው ቀን መጣች፣ ከኋላዋም አምስት ሴቶች። የቀጭኔ ጠረጴዛ ሥራ በዛበት፣ ስሟም ተመለሰ። እናትየው እያጠበች ትውላለች፤ ማታ ገብታ መብራቱ ሥር አውራ ጣቷን ታያለች። አሴቶኑ እጅ ሥር፣ መስኮቱ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አንድም ቀን አልነካችውም። ቀለሙ ደግሞ እውነተኛው ነበር፤ በተቀባ በአሥራ አራተኛው ቀንም አልረገፈም።