በእናቴ ጓሮ የቆመው ዘይት

የግብር ገማቾች ሲመጡ ዕቃ መደባበቅ በእኛ ሰፈር የቆየ ልማድ ነው። የሚገምቱት በዓይናቸው ያዩትን ስለሆነ ባለሱቁ ግማሹን ዕቃ ልብስ ሰፊው ቤት ያስገባል፤ ልብስ ሰፊው ጣቃውን ወደ ቀጣዩ ቤት ያሻግራል። ማንም ማንንም አያጋልጥም። ቦንጋ ውስጥ ይህን የማያውቁት ገማቾቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሳያውቁ አይቀሩም።

በ2009 የቀን ገቢ ግምቱ ጣሪያ ነካ። በላዩ ላይ ደግሞ የብክለት ክፍያ የሚባል መጣ፤ ባለጋራዥ ባጠራቀመው የተቃጠለ ዘይት ልክ ይከፍላል ተባለ። ከሻይ ቤታችን ጋር አጥር የሚጋራው ጋራዥ የጋሽ ኃይለመስቀል ነው። ጠዋት መጥተው በርሜሎቻቸውን ጓሯችን እንድታቆምላቸው እናቴን ለመኗት።

«አሰለፈች፣ ገማቾቹ እስኪያልፉ ብቻ። ሻይ ቤት ገብቶ ዘይት የሚፈልግ የለም።»

«ቶሎ ውሰደው ታዲያ። ይሸታል።»

«ሳምቡሳ እንዳትጠብሺበት ብቻ» አሉና ሳቁ።

ከገማቾቹ ጋር ግን በዚህ ዓመት አንድ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አብሮ ነበር። የብርጭቆ እጣቢያችን የት እንደሚፈስ ጠየቀና ሊያይ ወደ ጓሮ ዞረ።

«ይሄ የማን ነው፣ እማማ?»

«የኔ» አለች። ወደ አጥሩ ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

«ለሻይ ቤት ምን ያደርጋል?»

«ለምስጥ ነው። ቤት የሚሠሩ ሰዎች ቋሚውን ሊቀቡበት ከኔ ይገዙታል።»

ይህን በይ ያላት የለም። ራሷ ፈጠረችው። ሰውየው «ጎበዝ ነጋዴ ነዎት» ብሎ ጻፈ።

ውሳኔው ሲመጣ እናቴ ያለፈቃድ የዘይት ነጋዴ ሆና ነበር። ግምቱ፣ የብክለት ክፍያውና ቅጣቱ ሲደመር ሻይ ቤቱ ከነዕቃው ቢሸጥ አይሸፍነውም። ካልተከፈለ ቤቱ ይታሸጋል። ቤቱ ከታሸገ ደግሞ የምንበላው የለም።

«ሄደሽ እውነቱን ተናገሪ» አልኳት።

«ኃይለመስቀል ራሱ ይናገራል። የማኅበር ወንድሜ ነው።»

«ካልተናገረስ?»

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩሽ ሰው መጠርጠር ነው?»

ቅሬታ አስገብተን ቅሬታ ሰሚዎቹ ፊት ስንቀርብ ጋሽ ኃይለመስቀል በምስክርነት ተጠርተው በተተኮሰ ኮት መጡ። ሰብሳቢው ስለ በርሜሎቹ ጠየቃቸው። ወለሉን እያዩ መለሱ።

«እትዬ አሰለፈች ደግ ጎረቤቴ ናቸው። ስለ ንግዳቸው ግን የማውቀው የለም።»

ተነሣሁ። «በርሜሎቹ የእኚህ ሰውዬ ናቸው። ሲያስገቡ ቆሜ አይቻለሁ።»

ሰብሳቢው ወደ እናቴ ዞረ። «እውነት ነው?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። አንድ «አዎ» ሻይ ቤቱን ያተርፍ ነበር። ግን እሱን ተከትሎ በሰፈሩ የእያንዳንዱ ሰው ጓዳ ይከፈታል፤ የከፈተችውም እሷ ትሆናለች።

«ልጄ የምትማረው ጅማ ነው፤ የሰፈሩን ነገር አታውቅም» አለች።

ውጭ ስንወጣ እጇን ይዤ አቆምኳት። «ለምን?»

«አንቺ መስከረም ላይ ትሄጃለሽ። እኔ ነገ ማን ቤት ገብቼ ደህና አደራችሁ ልበል?»

ቤቱ አርብ ታሸገ። ወረቀቱ በራችን ላይ ሲለጠፍ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አላቆመም። ባለሱቁ ወደ ውስጥ ገባ። በርሜሎቹ ጓሮው ውስጥ ከእኛ ድስቶች ጋር አብረው ታሸጉ።

ሰኞ ጋሽ ኃይለመስቀል መጡ። አልተቀመጡም። ጋራዡ ውስጥ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ለሠራተኞቹ ሻይ ልታፈላ እንደምትችል ነገሯት። «ከሰሉ በኔ ነው። እዚያ ፈቃድ የሚጠይቅሽ የለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እናቴ።

እዚያው ቀን ጀመረች። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የጠጡት እሳቸው ናቸው። ስኳር አንሶታል አሉ፤ ጨመረችላቸው።