በሞቴ የተከፈለ የብርቱካን ምርመራ

ብርቱካኖቼ በሰው ፊት አናውቅህም ያሉኝ ማክሰኞ ጠዋት በኬላው የፍራፍሬ ምርመራ ጣቢያ ነው። አልጮኹም። እንደ ጨዋ ልጅ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

የጣቢያው አሠራር ቀላል ነው። የመንግሥት የምርመራ ክፍያ በመስኮቱ ይከፈላል። ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ እታለማሁ ከጭነቱ አንድ ፍሬ አንስተው ትልና በሽታ አለመኖሩን ካዩ በኋላ ወደ ጆሯቸው ያስጠጉታል። ፍሬው የባለቤቱን ስም ይናገራል፤ ከዚያ ማኅተም ይመታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የእኔን ስም ሳይጠራ የቀረ ፍሬ የለም። ስላሳደግኋቸው ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት አበልጄ ቢተው አብሮኝ ነበር። የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ አጥራችንም አንድ ነው። ወደ መስኮቱ ስጠጋ እጄን ያዘኝ።

«እኔ ልክፈል።»

«ተው እንጂ ቢተው፣ የራሴ ጭነት ነው።»

«በሞቴ አልኩህ።»

በሞቴ የተባለ ሰው እጁን ይመልሳል። እኔም መለስኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ወዳጅ ማለት ይኼ ነው ብዬ።

ወይዘሮ እታለማሁ ብርቱካኑን አዳመጡ።

«ቢተው ነው የሚለው» አሉ።

«ተሳስቶ ይሆናል። ሌላ ይጠይቁልኝ።»

ሌላም ጠየቁ። ሦስተኛውን ለእኔ ሰጡኝ። ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«ማነው ውኃ ያጠጣህ?» አልኩት።

«ቢተው።»

«እኔስ?»

«አላውቅህም» አለ። ጆንያው ውስጥ ያሉትም አናውቅህም ብለው ተቀበሉት።

ዞር ስል ቢተው ደረሰኙን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ እየከተተ ነው።

«ታውቅ ነበር?»

«አበልጄ፣ ደንቡ እኮ ነው፤ ፍሬው የከፈለለትን ነው የሚጠራው» አለኝ። ዐይኔን ግን አላየኝም።

አባቴ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲል እንደ ቀልድ እሰማው ነበር። ሌባ ቢሰርቀኝ እችለው ነበር። ያቃጠለኝ በሞቴ ማለቱ ነው። ያቺን ቃል ይዞ ስንት ዓመት ሲጠብቀኝ ኖሯል?

ቤቴ ስደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። አርባዎቹ የብርቱካን ዛፎቼ ሥሮቻቸውን እንደ ቀሚስ ሰብስበው፣ ተራ በተራ፣ ወደ ቢተው ግቢ እየገቡ ነበር። አልተጋፉም። ትልልቆቹ በአጠገቤ ሲያልፉ ቅርንጫፋቸው ፊቴን እንዳይነካኝ ዞር አደረጉልኝ። ለማያውቁት ሰው የሚደረግ ትሕትና ነው። እዚያው ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አመሻሹ ላይ ትንሿ ዛፍ ብቻዋን ተመለሰች። ያለፈው በጋ ልትደርቅ ስትል እኔው ጠዋትና ማታ አጠጥቼ ያተረፍኳት ናት። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላት።

«ነይ፣ ግቢ» አልኳት።

ገባች። የወጣችበትን ጉድጓድ አለፈች፤ እኔንም አለፈች። ከቤቱ ጥግ የውኃ ማጠጫ ባልዲዬን በቅርንጫፏ አነሣች፤ ስትወጣም በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝ።